ለሚመለሱትም፣ ቤት ጠብቀው ለሚቆዩትም፤ እንኳን ለመስቀል በዓል አደረሳችሁ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ መስቀሉ በሰላም አደረሳችሁ።

ይህን የምጽፍላችሁ ብዙዎቻችሁ ጓዝ በምትሸክፉበት ሰሞን ነው። ወደ ወልቂጤ፣ ወደ ቡታጅራ፣ ወደ እምድብር የሚሄዱት መኪኖች ጢም ብለው ሞልተዋል። መርካቶም እንደ ልማዷ ጭር ብላለች። ለጉራጌ ልጅ መስቀል የማይሻር ቀጠሮ ነው፤ ዓመቱን የትም ይዋል የትም ይደር፣ በመስከረም አገር ቤት ይገባል። እኔ ዘንድሮ በዓሉን የማሳልፈው እዚሁ ኮሎራዶ ነው። ስለ መስቀል ባሰብኩ ቁጥር ግን ከእናቴ ደጅ ጋር አብራ ትዝ የምትለኝ አንዲት የካንሳስ መንደር አለች። ስሟን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ኒቆዲሞስ ነው። አሜሪካኖቹ ኒኮዲመስ ይሏታል፤ እኔ በለመድነው አጠራር ልጥራት።

ባለፈው ሐምሌ ከልጆቼ ጋር ሄጄባታለሁ። ከዴንቨር ወደ ምሥራቅ ሲነዳ ተራራው ከኋላ እየራቀ ይቀርና ማለቂያ የሌለው ሜዳ ይጀምራል። ዛፍ የሚታየው ወንዝ ባለበት ብቻ ነው። በዚያ ሰሞን ስንዴው ታጭዶ ገለባው ቀርቷል። ማሽላው ግን ገና አረንጓዴ ነበር፤ ግራና ቀኝ መንገዱን ይዞ አብሮን ተጓዘ። ካንሳስ በማሽላ ምርት ከአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ ቀዳሚዋ ናት። ማሽላ ደግሞ መጀመሪያ የተላመደው በእኛው በሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ነው። ለልጆቼ ይህን ስነግራቸው መኪናውን አስቁመው እርሻው ጥግ ፎቶግራፍ ተነሱ።

ኒቆዲሞስ አውራ ጎዳና 24 ዳር፣ ሂል ሲቲ ከምትባለው ትንሽ ከተማ በስተምሥራቅ ትገኛለች። የሚኖርባት ሰው ሃያ እንኳን አይሞላም። ያረጁ ሕንፃዎች፣ ጥቂት ቤቶች፣ አንድ የድንጋይ አዳራሽ፤ በቃ፣ ይኸው ነው። ሳያቆም የሚያልፍ ሰው ምንም አያይም። ታሪኳን የሚያውቅ ግን ማለፍ ይከብደዋል። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1877 ነው። የባርነት ሥርዓት ካበቃ ገና ጥቂት ዓመት ሆኖታል። የፌዴራሉ መንግሥት ጦሩን ከደቡብ ግዛቶች ያወጣበት፣ ነፃ የወጡትም ጥቁሮች ለቀድሞ ጌቶቻቸው ቂም የተተዉበት ዓመት ነው። በኬንታኪ ግዛት ለሚኖሩት አንድ በራሪ ወረቀት ደረሳቸው። በካንሳስ፣ በሰሎሞን ወንዝ ሸለቆ፣ የጥቁሮች የሆነ አዲስ ከተማ እየተቆረቆረ ነው ይላል። በ1862 በወጣው የመሬት ሕግ መሠረት አንድ አባወራ 65 ሄክታር ያህል መሬት ይዞ፣ አምስት ዓመት አርሶና ኖሮበት የራሱ ማድረግ ይችል ነበር። ትናንት ራሱ እንደ ንብረት ሲሸጥ ለነበረ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ የመሬትን ነገር ለምናውቅ ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም። በዚያ በጋ ጥቂቶች ቀድመው ሄዱ። በመስከረም 17 ቀን ደግሞ ከሌክሲንግተን አካባቢ የተነሱ ከሦስት መቶ በላይ ሰዎች ደረሱ። ያ ቀን በእኛ አቆጣጠር መስከረም 8 ቀን 1870 ዓ.ም. ላይ ይውላል። እነሱ ባዶ ሜዳ ላይ ዕቃቸውን ሲያወርዱ በእኛ አገር ሰው ለደመራው ችቦ የሚያዘጋጅበት ሰሞን ነበር።

ከተማ ብለው መጡ፤ ከተማ ግን አልነበረም። በተከታዩ የጸደይ ወራት ከባሏና ከልጆቿ ጋር የመጣች ዊሊያና ሂክማን የምትባል ሴት በኋላ የተናገረችው ቃል ዛሬም በመንደሩ ይጠቀሳል። ወንዶቹ ኒቆዲሞስ ያቻት እያሉ ሲጮኹ እሷ ባላት ዓይን ሁሉ ፈለገች፤ ምንም የለም። ባሏ ከመሬት ውስጥ የሚወጣውን ጭስ በጣቱ አሳያት። ሰዎቹ የሚኖሩት ጉድጓድ ቆፍረው ነበር። አለቀሰች። ዓይኔ የሚያርፈው እዚህ ጋ ነው። የምታለቅስ ሴት ታያላችሁ፤ ግን ቆየች። ከሷ በፊት ከመጡት ውስጥ ብዙ ቤተሰቦች በማግስቱ ተመልሰዋል፤ ማንም አይፈርድባቸውም። የመጀመሪያውን ክረምት፣ የበረዶና የብርዱን ወራት ማለቴ ነው፣ የቆዩት በሬም ሆነ ማረሻ ያልነበራቸው ሰዎች ናቸው። የሚያነዱት የጎሽ ኩበትና የሱፍ አገዳ ነበር። ከአደን ሲመለሱ የነበሩ የኦሴጅ ሕዝቦች ሥጋ ባያካፍሏቸው ኖሮ ያንን ክረምት አይወጡትም ነበር ብለው ልጆቻቸው እስከ ዛሬ ያወራሉ። በጸደዩ መሬቱን በዶማና በአካፋ ገለበጡት።

ከዚያማ አገር ሆነ። ትምህርት ቤት በ1879 ተቋቋመ፤ በወረዳው የመጀመሪያው ነበር። ሆቴል፣ ሱቆች፣ አብያተ ክርስቲያናት፣ ጋዜጦች ተከተሉ። ከመካከላቸው የወጣው ኤድዋርድ ማኬብ በ1882 የካንሳስ ግዛት ኦዲተር ሆኖ ተመረጠ። ሁሉም ነገር የሚጠብቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ባቡር። የአካባቢው ሕዝብ በ1887 ባቡሩን ለማምጣት የ16,000 ዶላር ቦንድ ለመስጠት በድምፅ ወሰነ። ባቡሩ ግን አልመጣም። በ1888 ሐዲዱ ከወንዙ ማዶ፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ አለፈ። ነጋዴው ሱቁን ነቅሎ ወደ ሐዲዱ ሄደ። ከዚያ ድርቁ፣ ከዚያ በ1930ዎቹ ሰማዩን ያጨለመው የአቧራ ማዕበል መጣ። ፖስታ ቤቱ በ1953፣ ትምህርት ቤቱ በ1960 ተዘጋ። በሜዳው ላይ ባቡር የሸሻቸው ብዙ ከተሞች ስማቸው እንኳን ከካርታ ጠፍቷል።

ኒቆዲሞስ ለምን አልጠፋችም? እኔ መልሱን ያገኘሁት በዚያ የድንጋይ አዳራሽ ውስጥ ነው።

አዳራሹ የተሠራው በ1939 ነው። የፕሬዚዳንት ሩዝቬልት መንግሥት ለሥራ አጦች ሥራ በሚፈጥርበት ዘመን፣ መንደሪቱ እየተራቆተች ሳለ፣ የአካባቢውን የኖራ ድንጋይ ጠርበው አቆሙት። ሰው እየሄደ መሰብሰቢያ ቤት መሥራት ለብዙዎች ከንቱ ድካም ሊመስል ይችላል። ለእኔ ግን መንደሪቱ ከሠራቻቸው ሥራዎች ሁሉ ትልቁ እሱ ነው። ዛሬ ታሪኩ የሚነገርበት የቅርስና የጎብኚዎች ማዕከል ሆኗል። ቦታው በ1976 በታሪካዊ ቅርስነት ተመዘገበ። የመንደሪቱ ተወላጅ አንጄላ ቤትስ በ1988 የታሪክ ማኅበር አቋቁማ ከወገኖቿ ጋር ብዙ ከደከመች በኋላ፣ በ1996 ከአዳራሹና ከአራት ሌሎች ሕንፃዎች ጋር ብሔራዊ ታሪካዊ ሥፍራ ተባለ።

በሐምሌ መጨረሻ አዳራሹና ደጁ ሰው ይሞላል። ከመላው አሜሪካ የተበተኑት የመንደሪቱ ልጆች፣ የልጅ ልጆችና የልጅ ልጅ ልጆች የሚመለሱት ያኔ ነው። በዓሉ የነፃነት በዓል ይባላል። ከ1878 ጀምሮ ይከበራል፤ ልብ በሉ፣ ገና ጉድጓድ ውስጥ ሳሉ ማለት ነው። መነሻው ደግሞ በነሐሴ 1 ቀን 1834 የእንግሊዝ መንግሥት በካሪቢያን ደሴቶች ባርነትን ያስቀረበት ቀን ነው። እነሱ ያልነበሩበት፣ አይተውት በማያውቁት አገር የሚኖሩ ወንድሞቻቸው ነፃ የወጡበት ቀን! የሚበሉት የሌላቸው ሰዎች ለሌላው ነፃነት ድግስ ደገሱ። ይህን ሳነብ ዓይኔ እንባ አቅርሯል።

አዳራሹ ውስጥ አንዲት አረጋዊት አጠገባቸው ወንበር ሳቡልኝና ገና ሳልቀመጥ የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ። እዚያ ሰው የሚተዋወቀው በሥራው አይደለም፤ የትኛው ቤተሰብ፣ ከየትኛው አያት፣ እርሻቸው በየት በኩል ነበር እየተባለ ነው። ከኢትዮጵያ መምጣቴን ስነግራቸው እጄን ይዘው ወደ ጠረጴዛው ወሰዱኝ። ጠረጴዛውን ሙሉ የሸፈነ ወረቀት ተዘርግቷል። የቤተሰባቸው የዘር ሐረግ ነው፤ ከላይ ከኬንታኪ የመጡት ባልና ሚስት፣ ከታች ቅርንጫፉ እየበዛ እየበዛ ይወርዳል። የቆዩት ስሞች በቀለም ተጽፈዋል። በዓመቱ ውስጥ የተወለዱት ግን በእርሳስ ነው የተጻፉት። ሕፃኑ ወደ መንደሩ መጥቶ ሲታይ በእርሳስ የተጻፈው ስም በቀለም ይደምቃል። እኔ ቆሜ እያየሁ አንዲት ወጣት እናት የታቀፈቻትን ልጅ ጠጋ አደረገች፤ እማማም መነጽራቸውን አስተካክለው፣ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ስሟን ፊደል በፊደል ጻፉላት።

እሳቸው ኒቆዲሞስ ውስጥ ከቀሩት ጥቂቶች አንዷ ናቸው። ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ወስደው ሎሚናት አጠጡን። ኮሪደሩ ላይ የታጠበና የታጠፈ አንሶላ እስከ ወገቤ ተከምሯል። ማቀዝቀዣቸውን ከግንቦት ጀምሮ በሥጋ ሲሞሉ ከርመዋል። ሶፋውም፣ ወለሉም፣ በረንዳውም ለማን ለማን እንደሚሆን በቃላቸው ያውቁታል። ልጆች በጓሮ ሲሯሯጡ እያዩ፣ ሰው ሁሉ ሲሄድ ምን ይሰማዎታል አልኳቸው። ሰኞ አንሶላውን እንደሚያጥቡ ነገሩኝ።

እናቴን ያየሁት ያኔ ነው። እኛ ልጆቿ ለመስቀል ስንገባ ሁሉም ነገር ተሰናድቶ ይጠብቀናል፤ ቤቱ ተመርጎ፣ ወለሉ ተለቅልቆ፣ ቆጮው ከጉድጓድ ወጥቶ፣ ጣባው ታጥኖ። ሴቶቹ ዓመቱን ሙሉ በእቁብ ያጠራቀሙት ቅቤ ተነጥሯል። አባቶች ገንዘብ አዋጥተው ሰንጋ ገዝተዋል። የተጣላ ታርቋል። ጀፎረው፣ ማለትም በቤቶቹ መካከል ያለው ሰፊ የመንደር መንገድ ላይ፣ ደመራ ሊበራ ነው። ስለ መስቀል የሚጻፈው፣ የሚዘፈነውና የሚነገረው ሁሉ ስለሚመለሰው ሰው ነው፤ ስለ መኪናው፣ ስለ ስጦታው፣ ስለ ናፍቆቱ። ዓመቱን ሙሉ እዚያው ስለሚቆየው ሰው ግን ብዙም አንናገርም። አገር ቤት የሚባለው ነገር እኮ አንድ ሰው ጠዋት ተነስቶ በሩን ስለከፈተው ነው ያለው። እንሰቱን የሚተክለው፣ የአያቶችን መቃብር አጥር የሚያስተካክለው፣ ማን ከማን እንደሚወለድ የሚያስታውሰው እሱ ነው።

መሄድ ክህደት ነው እያልኩ አይደለም። ራሴም የሄድኩ ነኝ። ከኒቆዲሞስ ልጆች ስሙ ከገነነው አንዱ ቬርል ስዊትዘር ነው። በ1954 የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾች ሲመርጡ ግሪን ቤይ የሚባለው ቡድን ከመጀመሪያዎቹ ተርታ መረጠው፤ በኋላም ለረጅም ዘመን በካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አገልግሏል። ያም ሆኖ በኒቆዲሞስ መሬቱን አለቀቀም፤ እስከ እርጅናው ድረስ እየተመላለሰ አርሷል። የሄደና የቆየ እንዲህ ሲያያዝ መንደር ከባቡርም ከድርቅም በላይ ዕድሜ ታገኛለች።

እኛም እዚህ በምንኖርበት ከተማ የመሰብሰቢያ አዳራሽ ይኑረን አይኑረን እያልን ስንከራከር ስንት ጊዜ አለፈ። ወጪው ብዙ ነው፣ ልጆቻችን አይመጡበትም፣ ቤተ ክርስቲያኑና መስጊዱ ይበቃል ይባላል። ኒቆዲሞስን ካየሁ በኋላ ግን አቋሜ ቁርጥ ያለ ነው፤ አዳራሽ ያስፈልገናል። ትልቅ መሆን የለበትም። አንድ ረጅም ጠረጴዛ የሚይዝና ዓመት ዓመት በዚያ ጠረጴዛ ላይ የልጆቻችንን ስም የምንጽፍበት ይሁን። ልጆቼ ከዚያ ጉዞ በኋላ እስከ ሰባት ቤት ቁጠሪልን እያሉ አላስቀምጥ ብለውኛል። ለአምስተኛው ቤት ስልክ ወደ እናቴ መደወል ነበረብኝ። እናቴ ደግሞ ከሰባትም አልፋ ሄደች።

ዘንድሮ ለመስቀል አገር ቤት የምትገቡ፣ መንገዳችሁን ያቅናላችሁ። ጊፋታን፣ ያሆዴን፣ መሳላን ያከበራችሁና የምታከብሩ፣ እንኳን አደረሳችሁ። መንገድ ተዘግቶባችሁ፣ ወይም በአረብ አገር አሠሪ ፈቃድ ከልክሏችሁ፣ ወይም ወረቀታችሁ አላልቅ ብሎ መግባት ያልቻላችሁ፣ እግዚአብሔር የከርሞ ሰው ይበላችሁ። በተለይ ደግሞ እዚያው ለቆያችሁት፣ ስንሄድም ስንመለስም በር ላይ ለቆማችሁት እናቶች፣ አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፦ ምስጋናችን ይድረሳችሁ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

እኔ በመጪው ሐምሌ መጨረሻ ተመልሼ ኒቆዲሞስ እሄዳለሁ። በዓሉ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ሰልፍ አለ፣ የቤተ ክርስቲያን መዝሙር አለ፣ ምግቡ ሞልቶ ይተርፋል። ከኮሎራዶም ሆነ ከካንሳስ ሲቲ በመኪና በአንድ ቀን ይደረሳል። በአካባቢው ሆቴል ብዙም የለም፤ ስለዚህ ማደሪያ ቀደም ብሎ መያዝ ይገባል። አብሮኝ መሄድ የሚፈልግ ከፋሲካ በፊት ይጻፍልኝ። ቡና እኔ እይዛለሁ፤ ጀበናና ረከቦት ያለው ይዞ ይምጣ፤ ለእማማ አፍልተን እናጠጣቸዋለን።