ግማሽ ጡብ በሽንት ቤት ሣጥን ውስጥ

«ቆጣቢ ብላችሁ የሸጣችሁልኝ ሽንት ቤት ከአሮጌው የባሰ ውሃ ይጠጣል!»

ጋሼ ጡረታ የወጡ የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆኑ ክስ ያለ ማስረጃ አያቀርቡም። የውሃ ክፍያ ደረሰኞቻቸውን በወር በወሩ ደርድረው፣ አዲሱ መቀመጫ የተገጠመበትን ወር በቀይ እስክሪብቶ አክብበው መጥተዋል። የአዲስ አበባ የውሃ ታሪፍ ፍጆታ ሲጨምር የአንዱን ሜትር ኩብ ዋጋም አብሮ ከፍ ስለሚያደርግ፣ ልዩነቱ ዓይን የሚወጋ ነበር። የሱቁ ባለቤት ወደ እኔ ዞረ። የቧንቧ ሥራው የእኔ ስለሆነ፣ የሽያጭ ሠራተኞች ቃል የገቡትን ሁሉ በመጨረሻ የማወራርደው እኔ ነኝ።

የገዙት ባለ ሁለት ቁልፉን ነው፤ ትንሹ ቁልፍ 3 ሊትር፣ ትልቁ 6 ሊትር ይለቃል። አሮጌው በአንድ ጊዜ 13 ሊትር ያህል ያፈስ ነበር። ቤታቸው አምስት ሰው አለ። እያንዳንዱ በቀን አምስት ጊዜ ቢጠቀም በአሮጌው 325 ሊትር ይሄዳል፤ በአዲሱ ትልቁን ቁልፍ አንድ ጊዜ፣ ትንሹን አራት ጊዜ ቢጫኑ 90 ሊትር ይበቃል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። 1000 ሊትር የሚይዝ ታንከር ለሽንት ቤት ብቻ ቢውል በአሮጌው ሦስት ቀን፣ በአዲሱ አሥራ አንድ ቀን ይዘልቃል ማለት ነው። ጋሼም ይህንን ራሳቸው አስልተው ነው የገዙት። ታዲያ ማታ ሞልቶ ያደረው ታንከር ጠዋት ጎድሎ ሲያገኙት ጎረቤት መጠርጠር ጀምረው ነበር።

ቤታቸው ሄጄ የሣጥኑን ክዳን ሳነሳ ግማሽ ቀይ ጡብ ውስጡ ተጋድሟል።

«ይኼ ምንድን ነው ጋሼ?»

«ቁጠባ ነዋ! እናንተ ገጥማችሁ እንደወጣችሁ አስገባሁት። ጡቡ የያዘውን ቦታ ውሃ አይይዘውም።»

ሐሳቡ ከጥንትም የነበረ ነው፤ ለትልልቆቹ አሮጌ ሣጥኖች ያገለግል ነበር፤ ያኔም ቢሆን ከጡብ ይልቅ ውሃ ሞልቶ የተከደነ የሃይላንድ ፕላስቲክ ይሻላል። ጡብ ውሃ ውስጥ ሲቆይ ይፈረፈራል። ከወጥ ቤት የቀይ ሥር ሽታ ይመጣ ነበር፤ ለጾም ሰላጣ እየተቀቀለ ነው። «እትዬ፣ የተቀቀለበትን ውሃ እንዳይደፉት» አልኳቸው። ቀዝቀዝ ሲል ሣጥኑ ውስጥ ጨመርኩትና ማንም ቁልፉን እንዳይነካ አስጠነቀቅሁ። ቡናው ቀርቦ ቶናው ሳይደርስ የመቀመጫው ውሃ ሮዝ ሆነ። ሣጥኑ ሳይታዘዝ ያፈሳል ማለት ነው።

የውሃ መልቀቂያውን ነቅዬ አገላበጥኩት። ከሥሩ ባለው ክብ ጎማ ላይ የጡብ ቅንጣት ተሰክቶ፣ ዙሪያውን ቦይ ቆፍሮበታል። በጥፍሬ ስነካው ጣቴ ቀላ። በዚያች ቦይ የሚወርደው ውሃ በመቀመጫው ጀርባ በኩል ስስ ሆኖ ስለሚንሸራተት ድምፅ የለውም። ጋሼ እርሳስ አወጡ። በደቂቃ አንድ ብርጭቆ፣ ማለትም ሩብ ሊትር፣ ቢያፈስ በቀን 360 ሊትር ነው። አሮጌው በአምስት ሰው አገልግሎት ከሚፈጀው ይበልጣል። እርሳሳቸውን አስቀመጡና ዝም አሉ።

በዚህ ላይ ጡቡ ከትልቁ ቁልፍ አንድ ሊትር ያህል ቀምቶት ስለነበር ልጆቹ ሁለት ጊዜ ይጫኑ ነበር። ሁለት ጊዜ አምስት ሊትር አሥር ነው። የዛሬ መቀመጫ ጉሮሮው፣ ማለትም ቆሻሻው የሚወጣበት ጠማማ መተላለፊያ፣ የተቀረጸው ለ6 ሊትር ግፊት ነው፤ ሲቀነስበት ይከሽፋል። አሜሪካኖችም በዚሁ ተቃጥለዋል። እ.ኤ.አ. በ1992 በወጣው ሕጋቸው መሠረት ከ1994 ጀምሮ ለቤት የሚሸጥ አዲስ ሽንት ቤት ከ6 ሊትር እንዳይበልጥ ሲታዘዝ፣ አንዳንድ አምራቾች መቀመጫውን ሳያሻሽሉ ውሃውን ብቻ ስለቀነሱ ሕዝቡ ደጋግሞ እየጫነ አማረረ። ኋላ ላይ መቀመጫውን በሰገራ ፋንታ በአኩሪ አተር ሊጥ መፈተን ተጀመረ፤ እዚያ የቁጠባ ምልክት የሚያገኘው በ4.8 ሊትር ውሃ 350 ግራም ሊጥ ጠራርጎ የሚወስደው ነው። ሁለቱን ቁልፍ ለገበያ ያበቃው እ.ኤ.አ. በ1980 የአውስትራሊያው ካሮማ ኩባንያ ሲሆን፣ ያኔ 11 እና 5.5 ሊትር ነበር። ወደ 6 እና 3 የተወረደው መቀመጫውም አብሮ እየተሻሻለ ነው።

ጡቡን አወጣሁ፤ ጎማው ግን ከጥቅም ውጭ ሆኗል። እዚህ ላይ ነው የእኛ ሱቅ ጉድ የወጣው። መቀመጫውን በብዛት ደርድረን ስንሸጥ፣ መለዋወጫ ጎማው አንድም የለንም። መርካቶ ብዞርም በልኩ አጣሁ፤ አንዱ ይሰፋል፣ አንዱ ይሳሳል። በመጨረሻ ካልተሸጠ አዲስ ሣጥን ላይ ፈትቼ ወሰድኩ፤ ባለቤቱ እያጉረመረመ ፈቀደ። በእኔ አስተያየት የሚያጉረመርመው በራሱ መሆን ነበረበት። ውሃችን ከተቋረጠ በኋላ ሲመለስ ደለልና ዝገት ይዞ ስለሚመጣ፣ ጡብ ባይገባም ያ ጎማ አንድ ቀን መቀየሩ አይቀርም።

ከዚያ ወዲህ ደንበኛ ምክር ሲጠይቀኝ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ሊትር እንዲያነብ ብቻ አልተወውም። ክዳኑን አንስቼ መልቀቂያው በእጅ ተነቅሎ የሚመለስ መሆኑን አሳየዋለሁ። እጁን ወደ መቀመጫው ጉሮሮ አስገብቶ እንዲዳስስም እጋብዘዋለሁ፤ የውስጡ ገጽ እንደ ውጩ ካልለሰለሰ ቆሻሻ ይይዛል። ዕቃው አዲስ መሆኑን እያወቁም ብዙዎቹ ፊታቸውን ያጨፈግጋሉ፤ እኔው ዳስሼ እነግራቸዋለሁ።

ጋሼ ግን አልተጸየፉም። ለልጃቸው ኮንዶሚኒየም የሚሆን መቀመጫ ሊገዙ ሲመጡ ከግድግዳው እስከ ወለሉ ቧንቧ መሀል ያለውን ርቀት ለክተው በወረቀት ይዘው ነበር። እጅጌያቸውን ሰብስበው የሦስቱን መቀመጫ ጉሮሮ ዳሰሱና አንዱን መረጡ። «በል ልጄ፣ አሁን ጎማውን ለብቻው አምጣልኝ» አሉት ሻጩን። ልጁ ወደ እኔ አየ። ጎማ አሁንም አልመጣም ነበር። ጋሼ ወረቀታቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና፣ ጎማ ያለው ሱቅ የት እንደሆነ ባለቤቱን በትሕትና ጠየቁት።