በጥቁሩ ውስጥ የነበረው አየር

የራዲዮሎጂ ሬዚደንት (የሕክምና ምስል ማንበብ የሚማር ሐኪም) በነበርኩበት ጊዜ አንድ ሌሊት ከፎቅ የወደቀ ወጣት የሆድ ሲቲ ስካን መጣልኝ። ጣፊያው ተቀዷል፣ ሆዱ ውስጥ ደም ፈሷል። ሰርጀኖቹ እየተጣደፉ ስለነበር ያየሁትን በስልክ ነግሬ ሪፖርቱን መጻፍ ጀመርኩ። ስለሳንባው የታችኛው ክፍል "ችግር የለውም" ብዬ ጽፌያለሁ።

ምስሉን ያነሱት አንጋፋ ራዲዮግራፈር ከኋላዬ ቆመው፣ "ዶክተር፣ ሳንባውን በሳንባ ዊንዶው አዩት?" አሉኝ።

አላየሁትም። ዊንዶውን፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ ከጥቁር እስከ ነጭ ለይቶ የሚያሳየውን ክልል፣ ስቀይረው በግራ በኩል ሳንባው ከደረቱ ግድግዳ ሸሽቷል፤ በመሃል አየር ገብቷል። ስልኩን እንደገና አነሳሁ። ታካሚው በማደንዘዣ ተኝቶ ቬንትሌተር አየር ቢገፋበት ኖሮ ያ አየር በዝቶ ልቡን ሊጫነው ይችል ነበር። መጀመሪያ ደረቱ ላይ ቱቦ ገባለት፣ ከዚያ ወደ ቀዶ ሕክምናው ሄዱ።

አየሩ እኮ ከመጀመሪያውም ዳታው ውስጥ ነበር። ሲቲ ስካን ሰውነትን እንደ ካሜራ አያነሳም፤ ኤክስሬዩ በየነጥቡ ምን ያህል እንደተዋጠ አስልቶ ቁጥር ይሰጣል። ውሃ 0 ነው፤ አየር ከዜሮ በታች 1,000፣ ጠጣር አጥንት ደግሞ እስከ 1,000 እና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ይህ ሁሉ ባንድ ላይ ከነጭ እስከ ጥቁር ቢዘረጋ ጉበትን ከዕጢው መለየት ያቅተን ነበር። ስለዚህ ከቁጥሮቹ ጥቂቱን መርጠን እናሰፋለን፣ የቀረውን ወይ ነጭ ወይ ጥቁር እናደርገዋለን። እኔ የከፈትኩት የሆድ ዊንዶው ከዜሮ በታች ከ160 የሚወርደውን በሙሉ ያጠቁራል። ጤነኛ ሳንባ ከዜሮ በታች 800 አካባቢ ነው፤ ያመለጠው አየር 1,000። ሁለቱም ለእኔ አንድ ጥቁር ነበሩ።

እስከዚያ ሌሊት ድረስ ምስሉን ሰውነቱ ራሱ አድርጌ ነበር የማየው። ኤክስሬይን ያገኘው ሮንትገን በ1895 ያነሳው የባለቤቱ እጅ ምስል ላይ እንኳ ሁልጊዜ የሚገርመኝ አጥንቱና ቀለበቱ ነበር፤ ጡንቻውና ጅማቱ የት ጠፉ ብዬ ጠይቄ አላውቅም።

አሁን ሬዚደንቶች ኬዝ ይዘው ሲመጡ ስለበሽታው ከማውራታችን በፊት ያንኑ ስላይስ (የሰውነቱን አንድ ቁራጭ ምስል) በሆድ፣ በሳንባና በአጥንት ዊንዶው እንዲከፍቱልኝ አደርጋለሁ። የመጀመሪያው ላይ ጥቁር የነበረው ቦታ ሁለተኛው ላይ በደም ሥሮች ተሞልቶ ሲመጣ ዝም ብለው ያፈጣሉ። እኔም አላስቸኩላቸውም።