ቆጣሪውን ማን ገዛው?

ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ባለ አንድ የንግድ ሕንፃ ላይ አካውንታንት ነኝ። አካውንታንት ይባል እንጂ ኪራይ መሰብሰቡም፣ ፓምፕ ሲበላሽ ባለሙያ መጥራቱም፣ በወሩ መጨረሻ መሰላል ተሸክሞ ቆጣሪ ማንበቡም የእኔ ሥራ ነው።

ሕንፃው ከመብራት ኃይል ጋር ያለው ውል አንድ ብቻ ነው። (ስሙ ከተቀየረ ቆይቷል፣ አፋችን ግን አሁንም መብራት ኃይል ነው የሚለው።) ምድር ቤት ያለው ዋናው ቆጣሪ የእነሱ ነው። እነሱ አመጡት፣ እነሱ ገጠሙት፣ ማኅተሙም የእነሱ ነው። ከዚያ ወዲያ ወደየሱቁ የሚሄደው መስመር የእኛው ጣጣ ነው። 14 ተከራይ፣ 14 የውስጥ ቆጣሪ። ግማሹን የሕንፃው ባለቤት ጋሼ ድሮ ከመርካቶ ያስገዙት ነው። የቀረውን ተከራዩ ሲገባ ራሱ ገዝቶ ያስገጠመው ነው። ምን ዓይነት እንደሆነ የጠየቀ የለም። ቆጣሪ ቆጣሪ ነው፣ ይቆጥራል።

በየወሩ የ14ቱን ደምሬ ከዋናው ላይ እቀንሳለሁ። ልዩነቱ የኮሪደር መብራት፣ የፓምፕና የሊፍት ነው ተብሎ ለሁሉም እኩል ይካፈላል። ብዙ ጊዜ 500 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ነበር።

አንደኛ ፎቅ ላይ ካፌ ሲከፈት ልዩነቱ ወደ 2,300 ዘለለ። እኔ ምን አልኩ? ፓምፑ አርጅቷል አልኩ። ተከራዮቹም ብዙ አልተንጫጩም። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህ ታሪፉ በየሦስት ወሩ ስለሚጨምር፣ “ያው ጭማሪው ነው” እያሉ ይከፍሉ ነበር። ሰባት ወር እንዲህ ሄደ።

ያልተዋጠላቸው ልብስ ሰፊዋ እትዬ ነበሩ። አንድ ቀን ደረሰኛቸውን ይዘው ቢሮ ገቡ።

“አንተ ልጅ፣ ሊፍቱ ከቆመ ስንት ጊዜው ነው?”

“ወር አልፎታል፣ እትዬ።”

“ታዲያ የቆመ ሊፍት መብራት ይበላል?”

መልስ አልነበረኝም። እሳቸው ግን አልጨረሱም። “የእኔ ቆጣሪ ስንት አለ? 110። ሁለት መኪናና አንድ ካውያ ነው ያለኝ። የካፌውስ?”

መዝገቡን ገለጥኩ። 94። ቀኑን ሙሉ የሚፈላ የቡና ማሽን፣ ምድጃ፣ ሁለት ፍሪጅ፣ ከአንድ ካውያ በታች! ሰባት ወር በገዛ እጄ ስጽፈው የኖርኩት ቁጥር ነው። አካውንታንት ነኝ፣ መደመሩ ልክ እስከሆነ ድረስ ቁጥሩን አልጠረጥርም ነበር።

መጀመሪያ የመጣልኝ ስርቆት ነው። እውነት ለመናገር በልቤ የካፌውን ልጅ ወንጅዬው አድሬአለሁ። በማግስቱ ኤሌክትሪሻን ጠራሁ። ሳጥኑን ከፈተ፣ ሽቦ አቅፎ የሚያልፈውን አምፒር የሚለካውን ክላምፕ ሜትር በአንዱ ወፍራም ሽቦ ላይ አስገባው፤ 20 አምፒር። የቆጣሪው ስክሪን ላይ የዚያው መስመር 1 አምፒር ይላል። ሳቀ። ከዚያ በየሽቦው የገባችውን ጥቁር ቀለበት በጣቱ አሳየኝ። 100/5 ተጽፎባታል።

“ሲቲ ነው” አለኝ። “ከባድ ጭነት በቀጥታ ቆጣሪው ውስጥ አያልፍም። ቀለበቷ 100 አምፒሩን 5 አድርጋ ነው የምትሰጠው። ስለዚህ ያነበብከውን በ20 ታባዛለህ። አታባዛም ነበር እንዴ?”

አላባዛም ነበር። 94 ሲባዛ በ20፣ 1,880። የጻፍኩት 94 ሲቀነስ የሚቀረውን 1,786 በየወሩ ለ14 ሰው ሳካፍል ኖሬአለሁ። ለእያንዳንዱ 127 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ። እትዬ ከራሳቸው ፍጆታ የሚበልጥ የካፌ መብራት ሲከፍሉ ነበር ማለት ነው።

እውነተኛው ጣጣ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የካፌው ባለቤት፣ “ቆጣሪውን በራሴ ገንዘብ ገዛሁ፣ እናንተ አነበባችሁ፣ የጻፋችሁልኝን ከፈልኩ” አለ። ጋሼ ደግሞ፣ “ካልገዛሁት ቆጣሪ ጋር ምን አገናኘኝ?” አሉ። የገጠመው ሠራተኛ ስልኩን አያነሳም። መብራት ኃይል እንዳንሄድ፣ እነሱ ዘንድ የምንታወቀው በአንድ ቆጣሪ ነው፤ እሱ ደግሞ በትክክል ቆጥሮ ሒሳቡም ተከፍሏል። በውላችን ላይ ስለ መብራት የተጻፈው “ተከራዩ የፍጆታውን ይከፍላል” የምትል አንዲት መስመር ናት። ቆጣሪው የማን እንደሆነ፣ ማን እንደሚያስፈትሸው፣ በስንት እንደሚባዛ፣ ምንም።

ሁለት ሽማግሌ፣ ሦስት ስብሰባና ብዙ የካፌው ማኪያቶ ፈጀ። ልጁ ክፉ አልነበረም። በስድስት ወር እየቆራረጠ ሊከፍል ተስማማ፤ ለሌሎቹ በየወሩ ከሒሳባቸው እየተቀነሰ ተመለሰላቸው። እኔ ተሳስቻለሁ ብዬ ደብዳቤ ጽፌ ኮሪደሩ ላይ ለጠፍኩ። ከዚያ ደብዳቤ ይልቅ መሰላሉን መሸከም ይቀለኝ ነበር።

ጋሼ እየተነጫነጩም ቢሆን 14ቱንም ቆጣሪ በራሳቸው ወጪ አስቀየሩ። አሁን የሕንፃው ንብረት ናቸው። ተከራይ ሲገባ የቆጣሪው ቁጥር፣ የመነሻ ንባቡና ማባዣው ከውሉ ጋር ተያይዞ ሁለታችንም እንፈርማለን።

እትዬ በየወሩ ሳነብ የራሳቸውን ደብተር ይዘው ከመሰላሉ ሥር ይቆማሉ።

“በስንት ነው የሚባዛው?”

“የእርስዎ በምንም አይባዛም፣ እትዬ። ቀጥታ ነው።”

“እሱንም ጻፈው።”