የሾርትከት ቫይረሱ በመጨረሻ ለቀቀኝ

የቤቴ ኮምፒውተር ከሾርትከት ቫይረስ ጸዳ! አሁን ፍላሽ ስሰካ ፎልደሮቼ እንደነበሩ ይከፈታሉ። ደስ ስላለኝም፣ እዚያው ችግር ውስጥ ያላችሁም እንዳትንገላቱ ብዬም ነው የምጽፈው።

የመጀመሪያዎቹን ነገሮች አብዛኞቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ። የዊንዶውስ የራሱ አንቲቫይረስ የሆነውን ዲፌንደርን ማብራት፣ ለዕለት ሥራ የአድሚን ሥልጣን የሌለው አካውንት መክፈት፣ ዊንዶውስን አፕዴት ማድረግ። አፕዴትን ቀላል አታድርጉት። እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለው ራንሰምዌር (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ) ዓለምን ሲያምስ ማይክሮሶፍት የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነውን አፕዴት ማርች ላይ አውጥቶት ነበር። ሁለት አንቲቫይረስ አንድ ላይ መጫን ግን ይቅርባችሁ፤ እርስ በርስ ይጣላሉ፣ ማሽኑንም ያንቀራፍፉታል።

እኔን ያስመረረኝ ሾርትከቱ ነው። ፍላሹን ስትከፍቱ ፎልደሮቹ የሉም፣ በቦታቸው ቀስት ያለባቸው ሾርትከቶች ተደርድረዋል። ፋይሎቹ ግን አልጠፉም፣ ተደብቀው ነው። ቫይረሱ የሲስተም ፋይል ስለሚያስመስላቸው የተደበቁ ፋይሎችን አሳይ ብትሉት እንኳ አይወጡም፤ የሲስተም ፋይሎችን የሚደብቀውን ምርጫም ማንሳት አለባችሁ። ሾርትከቱን ስትነኩት ፎልደሩ ይከፈትላችኋል፣ ከጀርባ ግን የቫይረሱ ስክሪፕት (ትእዛዞች የያዘ ትንሽ ፋይል) ይነሳል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው "ፍላሹን ፎርማት አድርገው" ይላል። በፍጹም አልስማማም! ሰነዶቻችሁን ነው የምታጡት። ቫይረሱ እኮ ራሱን ኮምፒውተሩ ውስጥ ገልብጧል፤ ዊንዶውስ ሲነሳ አብሮ ይነሳና አዲስ የሰካችሁትን ፍላሽ ሁሉ ይበክላል። ጣሪያው እያፈሰሰ ወለል እንደመወልወል ነው። መጀመሪያ ኮምፒውተሩ፣ ከዚያ ፍላሹ።

የገላገለኝ የዲፌንደር ኦፍላይን ስካን ነው። ኮምፒውተሩን ሪስታርት ያደርግና ዊንዶውስ ሳይነሳ ይፈትሻል፣ 15 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ቫይረሱ ገና ስላልተነሳ መደበቂያ የለውም። ቀጥዬ አውቶራንስን ከፈትኩ። ማይክሮሶፍት በነጻ የሚሰጠው ፕሮግራም ነው፤ ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ የሚነሳውን ሁሉ ይዘረዝራል፣ ታስክ ማናጀር ከሚያሳየው እጅግ ይበልጣል። አፕዳታ ውስጥ (ፕሮግራሞች መረጃቸውን የሚያስቀምጡበት የተደበቀ ፎልደር ነው) የተቀመጠ፣ ስሙ ዝም ብሎ የፊደል ድርድር የሆነ፣ ማን እንደሠራው የማይገልጽ ስክሪፕት አሁንም ዝርዝሩ ላይ ነበር። እሱን ካጠፋሁ በኋላ ቫይረሱ አልተመለሰም። አውቶራንስን ሳያዩ ኮምፒውተሬ ጸድቷል ማለት ለእኔ ገና ነው። ብቻ የማታውቁትን ነገር ቶሎ አትሰርዙ። ፊት ለፊቱ ያለውን ምልክት አንሱና ቆዩ፤ የሚበላሽ ነገር ካለ መልሳችሁ ታደርጉበታላችሁ።

ክራክ የተደረገ (ሳይከፈልበት እንዲሠራ ቁልፉ የተሰበረ) ሶፍትዌርን በተመለከተ ድርድር የለኝም። "መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፋ" የሚል መመሪያ ያለውን ፋይል ሳትከፍቱ ሰርዙት።

አሁን የያዝኩት ባካፑን፣ የፋይሎቼን ቅጂ ሌላ ቦታ ማስቀመጡን ነው። ራንሰምዌር ኮምፒውተሩ ላይ ተሰክቶ ያገኘውን ሃርድ ዲስክም ስለሚቆልፍ፣ ገልብጬ ስጨርስ ወዲያው እነቅለዋለሁ። ይሄን በየሳምንቱ ሳይዘነጋ የሚያስኬድ ቀላል መንገድ ያላችሁ ጻፉልኝ።