የጎረቤት ገንዘብ የማን ነው? ደቡብ ምሥራቅ እስያን በወረቀት ላይ ስከታተል

ለማስተርስ ጥናታችን ርዕስ ስንመርጥ አብዛኞቹ የክፍል ጓደኞቼ ቻይናን ያዙ። እኔ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ሄድኩ። በአካል አይደለም፣ በወረቀት ነው። ጥያቄዬ ሲሰሙት ቀላል ነው፦ የአሴያን (የደቡብ ምሥራቅ እስያ አገሮች ማኅበር) አባል አገሮች እርስ በርስ ማን ማን ላይ ገንዘብ ያፈሳል? ሲንጋፖር ኢንዶኔዥያ ላይ፣ ታይላንድ ላኦስ ላይ፣ ቬትናም ካምቦዲያ ላይ።

የጀመርኩት ሁሉም ከሚጀምርበት፣ ከሰንጠረዥ ነው። አሴያን የራሱ የስታትስቲክስ ቋት አለው። አይ ኤም ኤፍም አገር ከአገር የሚያሳይ የቀጥታ ኢንቨስትመንት መረጃ ያወጣል። ሁለቱም በነጻ ይገኛሉ። ከዚያ አንድ ነገር አደረግኩ፤ ለማንም የምመክረው ነው። ላኪው አገር «ይህን ያህል አፍስሻለሁ» ያለውንና ተቀባዩ «ይህን ያህል ገብቶልኛል» ያለውን ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። አይገጥምም። ዕቁብ ላይ ሰብሳቢውና ጸሐፊው የየራሳቸውን ደብተር ይዘው ሲቀርቡ እንደሚሆነው ማለት ነው።

ሌብነት እንዳይመስላችሁ። አቆጣጠሩ ነው የሚለየው። ኢንዶኔዥያን ብቻ ብንወስድ፣ የኢንቨስትመንት መሥሪያ ቤቱ ኩባንያዎች «ሥራ ላይ አውለናል» ብለው ያመለከቱትን ይደምራል። ባንክና ነዳጅ ማውጣት እዚያ ውስጥ የሉም። ማዕከላዊ ባንኩ ደግሞ ከውጭ የመጣውን ካፒታል፣ ተመልሶ የተዘራውን ትርፍ፣ እናት ኩባንያ ለልጇ ያበደረችውን ሁሉ ያስገባል። አንድ አገር፣ ሁለት ቁጥር። ስለዚህ ቁጥር በጠቀስኩ ቁጥር ከየትኛው መሥሪያ ቤት እንደመጣ አጠገቡ መጻፍ ልማዴ ሆነ።

የሚገርመው ግን ሲንጋፖር ናት። ስድስት ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ያላት ከተማ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ከውጭ ባለሀብቶች ዝርዝር በየዓመቱ ማለት ይቻላል አናት ላይ ናት። የሲንጋፖር ሰው ይህን ሁሉ ገንዘብ ከየት አመጣው? መልሱ፣ ሁሉም የሲንጋፖር ሰው ገንዘብ አይደለም። የአሜሪካ፣ የጃፓንና የቻይና ኩባንያዎች የአካባቢ መሥሪያ ቤታቸውን እዚያ ይከፍቱና ከዚያ ወደ ጃካርታ ይልካሉ። የራሳቸው የኢንዶኔዥያ ሀብታሞች ገንዘብም አለበት። በ2016 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው) የኢንዶኔዥያ መንግሥት የግብር ምሕረት ሲያውጅ፣ ዜጎች ውጭ አገር አለን ብለው ካስመዘገቡት ሀብት ትልቁ የተገኘው ሲንጋፖር ነበር። ግራብንም እዩት። በ2012 ማሌዥያ ውስጥ የታክሲ መጥሪያ ሆኖ ተጀመረ፣ በኋላ ዋና መሥሪያ ቤቱን ወደ ሲንጋፖር አዛወረ። ታዲያ ከዚያ ተነሥቶ ኩዋላ ላምፑር ላይ ሲያፈስ ማሌዥያ «ከሲንጋፖር መጣልኝ» ልትል ነው። በወረቀት ትክክል ነው። ነገሩን ግን አያስረዳም።

በዚህ ምክንያት ከሰንጠረዡ ወርጄ አንድ አንድ ፕሮጀክት መከታተል ያዝኩ። ለእያንዳንዱ ሦስት ጥያቄ፦ ባለቤቱ ማን ነው? አበዳሪው ማን ነው? ገዢው ማን ነው?

በደንብ የገባኝ በሳያቡሪ ግድብ ነው። ላኦስ ውስጥ፣ ሜኮንግ ወንዝ ላይ የተሠራ፣ 1,285 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ግድብ ነው። በታችኛው ሜኮንግ ዋናው ወንዝ ላይ የመጀመሪያው ነው። ሥራ የጀመረው በ2019 ነው። የገነባው ቾ ካርንቻንግ የተባለ የታይላንድ ተቋራጭ ነው። በባለቤትነቱም የታይላንድ ኩባንያዎች ይበዛሉ፤ የላኦስ መንግሥት ድርሻ አለው። ያበደሩት የታይላንድ ባንኮች ናቸው። ከመብራቱ 95 በመቶ ገደማውን የሚገዛው ኤጋት፣ የታይላንድ የመንግሥት ኤሌክትሪክ ድርጅት ነው። ወንዙና ተራራው ብቻ የላኦስ ሆኑ ማለት ይቀላል። ባንኮቹ ያመኑት የላኦስን ኢኮኖሚ ሳይሆን የኤጋትን የግዢ ውል ነው። እንዲህ ያለ ውል ባይኖር ማን ያን ያህል ብር ጫካ ውስጥ ይቀብር ነበር?

ውሉ የት እንዳለ ማወቅ ለሌላም ጠቀመኝ። በሜኮንግ ዳር የሚኖሩ የታይላንድ ነዋሪዎች ግድቡን ሲቃወሙ በ2012 የከሰሱት ላኦስ ሄደው አይደለም። ባንኮክ አስተዳደር ፍርድ ቤት ነው የቆሙት፣ ምክንያቱም ገዢው እዚያ ነው። በመጨረሻ ተረቱ። ክሱ ግን የፕሮጀክቱ እምብርት የት እንደሆነ ከየትኛውም ሰንጠረዥ በተሻለ አሳየኝ።

የሆንግሳን የድንጋይ ከሰል ጣቢያ በሦስቱ ጥያቄዎች ስመዝነው ያው ነው። 1,878 ሜጋ ዋት፣ ሁለት የታይላንድ ኩባንያዎች እያንዳንዳቸው 40 በመቶ፣ ላኦስ 20 በመቶ። ከሰሉ የላኦስ፣ መብራቱ በአብዛኛው የታይላንድ።

ጎረቤት ስለሆነ ገንዘቡ ይወደዳል ማለት ደግሞ አይደለም። በ2006 ጥር የሲንጋፖር መንግሥት የኢንቨስትመንት ኩባንያ ቴማሴክ የታይላንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር የታክሲን ሺናዋትራ ቤተሰብ ሺን ኮርፖሬሽን በተባለ የቴሌኮም ኩባንያ ውስጥ የነበረውን ድርሻ በ73 ቢሊዮን ባህት ገደማ ሲገዛ ባንኮክ በሰልፍ ተናወጠች። በዚያው ዓመት መስከረም ታክሲን በመፈንቅለ መንግሥት ወረዱ። ሽያጩ ብቻውን አላወረዳቸውም፣ ቤንዚን ግን ሆኗል። የሲንጋፖሩ ዲቢኤስ ባንክም በ2012 የኢንዶኔዥያውን ዳናሞን ባንክ ሊጠቀልል ተነሥቶ ነበር። ማዕከላዊ ባንኩ ከ40 በመቶ በላይ አልፈቅድም ሲለው በ2013 ተወው። የአሴያን አጠቃላይ የኢንቨስትመንት ስምምነት በዚያን ጊዜ ሥራ ላይ ነበር፣ ከ2012 ጀምሮ። ስምምነቱን የምታነቡ ከሆነ ታዲያ ዋናውን ጽሑፍ ቶሎ አለፍ አድርጉት፤ አገሮቹ «ይህ አይነካ» ብለው ያስቀሩትን ዘርፍ የዘረዘሩበት አባሪ ላይ ነው ጊዜ መስጠት።

አሁን ዓይኔ ጆሆር ላይ ነው። ሲንጋፖር ከ2019 ጀምሮ ለተወሰኑ ዓመታት ለአዲስ ዳታ ሴንተር ፈቃድ አቆመች፤ ድልድዩን ተሻግሮ ማሌዥያ ጆሆር ውስጥ እንደ ጉድ ተተከሉ። በ2025 ጥር ሁለቱ መንግሥታት የጋራ ልዩ የኢኮኖሚ ቀጠና ስምምነት ፈረሙ። ባለቤቶቹ ከብዙ አገር የመጡ ናቸው፣ መብራቱና ውሃው ግን ከማሌዥያ ነው። ስለዚህ ይህኛውን ከኢንቨስትመንት ሰንጠረዥ አልጀመርኩም። የጀመርኩት ከማሌዥያው የመብራት ኩባንያ፣ ከቴናጋ ናሲዮናል ዓመታዊ ሪፖርት ነው።