የሺሞኪታዛዋ ምድር ቤቶች፦ የጃፓንን ሮክ በአገሩ ለመስማት

የጃፓንን ሮክና ፖፕ በስልኩ ሲያዳምጥ የኖረ ሰው ቶኪዮ ሲገባ መጀመሪያ የሚያምረው ትልልቁ አዳራሽ ነው፤ ቡዶካን፣ ዜፕ፣ ቶኪዮ ዶም። እኔ ያመራሁት ወደ ሺሞኪታዛዋ ነው፤ ለሚጠይቀኝም የምመክረው ከዚያ እንዲጀምር ነው። የትልቁ አዳራሽ ትኬት ከወራት በፊት በዕጣ ያልቃል፤ ለውጭ አገር ሰው ደግሞ ዕጣው ውስጥ መግባቱ ራሱ አንድ ሥራ ነው። ሺሞኪታዛዋ ላይ ግን ማታውኑ በር ላይ ከፍሎ የሚገባበት ምድር ቤት አይጠፋም። ከመድረኩም ብዙ አይርቁም፤ ጊታሪስቱ የትኛውን ፔዳል እንደረገጠ እስኪታይ ድረስ።

ሰፈሩ ከሺቡያ ቅርብ ነው። በኬዮ ኢኖካሺራ መስመር ፈጣኑን ባቡር ከያዙ የመጀመሪያው ማቆሚያ ሺሞኪታዛዋ ነው፤ አራት ደቂቃ ገደማ ቢወስድ ነው። ከሺንጁኩ ለሚነሣ ደግሞ የኦዳክዩ መስመር አለ። መንገዶቹ ጠባብ፣ የልባሽ ልብስ ሱቅና ቡና ቤት የሞላባቸው ናቸው። ላይቭ ሃውስ የሚባሉት ትንንሽ የሙዚቃ ቤቶች አብዛኞቹ ከመሬት በታች ስለሆኑ የሚታየው መግቢያቸው ብቻ ነው፤ ጠባብ ደረጃ፣ በተለጣፊ ምልክት የተሸፈነ ግድግዳ፣ የዕለቱን ባንዶች ስም የያዘ ሰሌዳ። ከታወቁት አንዱ በ1991 የተከፈተው ሼልተር ነው፤ 250 ሰው ገደማ ይይዛል። በአንድ አኒሜ (የጃፓን የካርቱን ፊልም) ውስጥ ያለ የሙዚቃ ቤት በእሱ አምሳያ ስለተሣለ ደረጃውን ፎቶ ለማንሣት ብቻ የሚመጣ ብዙ ነው። ፎቶውን አንሥቶ ሳይገባ የሚመለሰው ያሳዝነኛል።

ሰሌዳው ላይ የሚጻፈውን ማንበብ ጃፓንኛ አይጠይቅም። «ኦፕን 18:00፣ ስታርት 18:30» ማለት በሩ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 12 ሰዓት ይከፈታል፣ የመጀመሪያው ባንድ 12 ሰዓት ተኩል ይጀምራል ማለት ነው። ይጀምራል ከተባለ ደግሞ ይጀምራል፤ የአገራችንን ኮንሰርት ልምድ ይዞ አንድ ሰዓት አሳልፎ የሚመጣ ሁለት ባንድ ያመልጠዋል። ሁለት ዋጋ ይጻፋል፤ አስቀድሞ ለያዘና በር ላይ ለሚከፍል። ልዩነቱ ብዙ ጊዜ 500 የን ነው። በትንንሾቹ ቤቶች ከ2,500 እስከ 4,000 የን ይዞ መሄድ ይበቃል። መጠንቀቅ ያለባችሁ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ከሚጀምሩ ዝግጅቶች ነው። ጃፓኖች ሰዓቱን ከ24 አሳልፈው ይቆጥራሉ፦ «ዓርብ 24:30» ከተባለ ዓርብ ማታ ወጥታችሁ በቅዳሜ መባቻ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ላይ መገኘት ነው። ቅዳሜ ማታ የሚሄድ የተዘጋ በር ያገኛል።

ከትኬቱ ሌላ በር ላይ 600 የን ገደማ ለመጠጥ ይከፈላል። ይህ በግዴታ ነው፤ «አልጠጣም» ብሎ መቅረት የለም። ምክንያቱ ብዙዎቹ ላይቭ ሃውሶች ፈቃድ ያወጡት በምግብና መጠጥ ቤትነት ስለሆነ ነው። በገንዘቡ ፈንታ የፕላስቲክ ሳንቲም ወይም ቁራጭ ወረቀት ይሰጣችኋል፤ ባር ላይ በመጠጥ ይለወጣል። ክፍያው አሁንም ብዙ ቦታ በጥሬ ገንዘብ ነውና 1,000 የን ኖቶችና ባለ 100 ሳንቲሞች ያዙ። መጠጡን ክዳን ባለው የውሃ ጠርሙስ መውሰድ ይሻላል። በብርጭቆ የወሰደ ሰው፣ ሕዝቡ መዝለል ሲጀምር ግማሹን የፊተኛው ሰው ጀርባ ላይ ያፈሰዋል።

እዚያው በር ላይ የምትጠየቁት አንድ ጥያቄ አለ፦ ዛሬ የመጣችሁት የትኛውን ባንድ ለማየት ነው? ለወግ የሚጠየቅ ይመስላል፤ ግን ገንዘብ ነው። በአንድ ምሽት አራት ወይም አምስት ባንድ ሲጫወት ቤቱ ለእያንዳንዱ ባንድ የሚሸጠው የትኬት ብዛት ይመድብለታል። ባንዱ ያን ያህል ሰው ካላመጣ ጉድለቱን ከኪሱ ይከፍላል፤ እኛ ዘንድ የቶምቦላ ትኬት ወስዶ ያልሸጠው ሰው እንደሚደርስበት ማለት ነው። ስለዚህ ባንድ ሳትጠሩ ከመግባት አንዱን መጥራት ይጠቅማል፤ ስሙ ላይ አንድ ጭረት ትጨመርለታለች። ከሁሉ የሚሻለው አስቀድሞ በባንዱ ማኅበራዊ ገጽ በአጭሩ መጻፍ ነው፦ ቀኑን፣ ስማችሁን፣ ስንት ሰው እንደሆናችሁ። ትኬቱ በስማችሁ ይቀመጣል፣ በር ላይ ስማችሁን ትናገራላችሁ፣ የምትከፍሉት የአስቀድሞውን ዋጋ ነው፤ ባንዱም ሰው አመጣ ይባልለታል። በቀላል እንግሊዝኛ ቢጻፍም አብዛኞቹ ይመልሳሉ።

ባንድ እያንዳንዱ 30 ደቂቃ ያህል ይጫወታል። መሐል ላይ ያለው ዕረፍት ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ነው፤ ለአበሻ ዓይን የሚገርም ፍጥነት ነው። ምስጢሩ ትልልቁ ዕቃ የቤቱ መሆኑ ነው። በየትኛውም ላይቭ ሃውስ ብትገቡ መድረኩ ላይ የማርሻል አምፕሊፋየር አንድ ወገን፣ ሮላንድ ጄሲ-120 ሌላ ወገን ቆመው ታገኛላችሁ። ጄሲ-120 ከ1975 ጀምሮ የሚሠራ የጃፓን አምፕሊፋየር ነው፤ የጃፓን ሮክ ጊታር ድምፅ ንጹሕና ብርጭቆ ብርጭቆ የሚለው በከፊል ከእሱ የተነሣ ነው ብዬ አምናለሁ። ባንዱ ጊታሩንና ፔዳሎቹን፣ ድራመሩ ደግሞ ስኔሩንና ሲምባሎቹን ብቻ ተሸክሞ ይመጣል፣ ይሰካል፣ ይጀምራል። ሲያልቅም ነቅሎ በራሱ ያወርዳል። ከዚያ እነዚያው ሰዎች ላባቸውን ሳይጠርጉ ከኋላ ካለች ጠረጴዛ ጀርባ ቆመው ሲዲና ቲሸርት ሲሸጡ ታገኟቸዋላችሁ። መጨባበጥም መነጋገርም የሚቻለው እዚያ ነው፤ አንድ ሲዲ ገዝቶ ማነጋገር ደግሞ ደንብ ነው።

ተመልካቹን ሳትለምዱት ልትታዘቡት ትችላላችሁ። ዘፈን ሲያልቅ ያጨበጭባል፣ ከዚያ ጸጥ። ዘፋኙ ሲናገር ሁሉም ያዳምጣል፤ አልወደዱትም ማለት አይደለም። ስልክ አውጥቶ መቅረጽ፣ ባንዱ ራሱ ካልፈቀደ በቀር፣ ክልክል ነው፤ ሠራተኛ መጥቶ በትሕትና ያስቆማችኋል። በሰው ላይ መንሳፈፍና መጋፋትም ግድግዳው ላይ በሥዕል የተከለከለባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። ጆሮ መድፈኛ ግን ያዙ። ምድር ቤት ነው፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፣ ድምፁ ጠንካራ ነው፤ መድፈኛው ቃሉን አይቀንስም፣ ጩኸቱን ብቻ ያለዝባል።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ዝግ ያለ ዘፈን ሲመጣ የአበሻ ጆሮ «ይህን አውቀዋለሁ» ይላል፤ ይህም ያለምክንያት አይደለም። ኤንካ የሚባለው የጃፓን የትዝታ ዘፈንና የድሮው የጃፓን ፖፕ የተሠሩበት፣ አራተኛውንና ሰባተኛውን ድምፅ የሚጥለው ስኬል ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ነው፤ የእኛ ሜጀር ትዝታም ይኸው ነው። ሐዘንተኛው ወንድሙ ላ ሲ ዶ ሚ ፋ ደግሞ ከማይነር ትዝታ ጋር አንድ ነው። አዘፋፈኑ፣ አጌያየጡ ይለያያል፤ አምስቱ ድምፆች ግን እነዚያው ናቸው። የዛሬው ሮክ ሁሉ በዚህ አይሠራም፤ ብቻ ኅብረ ዝማሬው ላይ ሲደርስ ወደዚያ የሚያዘነብል ባንድ ብዙ ነው።

ወደ ትልልቆቹ እንምጣ። ዜፕ በሚባሉት አዳራሾች፣ ለምሳሌ በ2020 በተከፈተው ዜፕ ሃኔዳ ወይም በ2023 በተከፈተው ዜፕ ሺንጁኩ፣ የቁም ትኬት ላይ ቁጥር አለ። ቁጥሩ ወንበር አይደለም፤ የመግቢያ ተራ ነው። ሠራተኛው በጃፓንኛ «ከ1 እስከ 10፣ ከ11 እስከ 20» እያለ ይጠራል። ቁጥራችሁ ሲጠራ ካልነበራችሁ መግባት አይከለከልም፣ ተራችሁ ግን ያልፋል። ስለዚህ የራሳችሁን ቁጥር በጃፓንኛ እንዴት እንደሚጠራ አጥኑ፤ ይህን ብቻ። ቦርሳና ካፖርት በሳንቲም ሎከር ማስቀመጥ ከመሰለፋችሁ በፊት የሚሠራ ሥራ ነው። አቅራቢያው ያሉት ሎከሮች በሩ ከመከፈቱ ቀድመው ይሞላሉ፤ ቦርሳ ይዞ ፊት መቆም ደግሞ ለራስም ለጎረቤትም መከራ ነው። ቦርሳውን ባቡር የምትቀይሩበት ትልቅ ጣቢያ ላይ ትታችሁ ብትመጡ ይሻላል።

ቡዶካን በ1964 ለቶኪዮ ኦሎምፒክ ለጁዶ ውድድር የተሠራ ነው፤ ቢትልሶች በ1966 ከተጫወቱበት ወዲህ የሮክ መድረክ ሆነ። ለጃፓን ባንድ እዚያ መጫወት ማዕረግ ነው። ከኩዳንሺታ ጣቢያ በ2ኛው መውጫ ወጥቶ ሽቅብ መሄድ ነው። አዳራሹ ስምንት ማዕዘን ስለሆነ ዙሪያው ያሉት መቀመጫዎች የሚታወቁት በአቅጣጫ ነው፦ ሰሜን፣ ደቡብ፣ ደቡብ ምሥራቅ እያለ። መድረኩ ብዙውን ጊዜ በሰሜን በኩል ስለሚቆም «ደቡብ» የሚል ትኬት ፊት ለፊት ነው፤ «ሰሜን ምሥራቅ» የደረሰው ባንዱን ከጎንና ከኋላ ያያል። እኔ ሁለተኛው ፎቅ ደቡብን ከወለሉ የኋላ ረድፎች አስበልጣለሁ፤ ደረጃው ቀጥ ያለ ስለሆነ የፊተኛው ሰው ራስ አይጋርድም።

አሁን ዋናው ችግር፤ ትኬቱ። ሽያጩ በደረጃ ነው። መጀመሪያ የባንዱ አድናቂዎች ክበብ አባላት ዕጣ፣ ቀጥሎ የትኬት ድርጅቶቹ ዕጣ፣ መጨረሻ ላይ የተረፈው ለሁሉም። ፒያ፣ ኢፕላስና ሎሰን ትኬት ዋናዎቹ ሻጮች ናቸው። የውጭ ሰው የሚወድቅባቸው ጉድጓዶች የታወቁ ናቸው። አንደኛ፣ ለምዝገባ የጃፓን ስልክ ቁጥር ይጠየቃል፤ ለቱሪስት የሚሸጠው ሲም ግን አብዛኛው ኢንተርኔት ብቻ ስለሆነ የማረጋገጫው መልእክት አይደርስም። ጥሪና መልእክት የሚቀበል ሲም ለይቶ መግዛት ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ የስም አነባበብ በካታካና፣ ማለትም ጃፓኖች የውጭ ቃል በሚጽፉበት ፊደል፣ ይሞላል፤ ይህ ፊደል በኮምፒውተር ሰፊም ጠባብም ሆኖ ይጻፋል፤ ሰፊው ካታካና በሚጠየቅበት ጠባቡን ወይም የእንግሊዝኛ ፊደል ካስገባችሁ ቅጹ ስሕተቱ የት እንዳለ ሳይነግር ይመልሳችኋል። ሦስተኛ፣ የውጭ ባንክ ካርድ ብዙ ጊዜ አይቀበሉም፤ ስለዚህ ክፍያውን በኮንቢኒ፣ ማለትም ሌት ተቀን በሚሠሩት ትንንሽ ሱቆች፣ ምረጡ። ከዕጣው በኋላ ቁጥር ይላክላችኋል፤ ሱቁ ሄዳችሁ በጥሬ ገንዘብ ትከፍላላችሁ። የጊዜ ገደቡ ጥቂት ቀን ነው፤ ካለፈ ትኬቱ ያለ ይግባኝ ይሰረዛል። ወረቀቱም ከዚያው ሱቅ ይወጣል፦ የሎሰን ትኬት ከሎሰን ሎፒ ማሽን፣ የኢፕላስ ከፋሚሊማርት፣ የፒያ ከሰቨን ኢለቨን።

በስም የሚፈተሽ ትኬት ከሆነ ስማችሁን ፓስፖርቱ ላይ ባለው ቅደም ተከተል ሙሉት። የእኛ የአባትና የአያት ስም አጻጻፍ ለጃፓኑ ቅጽ እንግዳ ነው፤ በር ላይ «ይህ የቤተሰብ ስም አይደለም» ብሎ ከመከራከር ፓስፖርቱን እንዳለ መከተል ይቀላል። ከመንገድ ሻጭ ወይም ከማይታወቅ ድረ ገጽ መግዛት የለባችሁም። ከሰኔ 2019 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ሕግ በስም የተሸጠን ትኬት በንግድ መልክ አትርፎ መሸጥን እስከ አንድ ዓመት እስራት ወይም እስከ 1 ሚሊዮን የን ያስቀጣል፤ የተደረሰበት ትኬትም በር ላይ ዋጋ የለውም።

ማታ ሲያልቅ የመጨረሻው ባቡር ከሌሊቱ 6 ሰዓት አካባቢ መሆኑን አትርሱ። ካመለጠ ያለው ታክሲ ነው፣ ወይም እስከ 11 ሰዓት ገደማ የመጀመሪያውን ባቡር መጠበቅ።

ለግዢ ሺቡያ ያለው ታወር ሬኮርድስ የተባለው የሲዲ መደብር ከ1995 ጀምሮ አሁን ባለበት ሕንፃ ነው፤ አሜሪካ ያለው እናት ድርጅት በ2006 ሲዘጋ የጃፓኑ ተለይቶ ስለነበር ተረፈ። አዲስ ሲዲ በየትኛውም ሱቅ ዋጋው አንድ ነው፤ አምራቹ ዋጋ እንዲወስን ሕጉ ይፈቅድለታልና ሱቅ ለሱቅ መዞር አያዋጣም። አዲስ አልበም በአብዛኛው የሚወጣው ረቡዕ ነው፣ ሱቆቹ ግን ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ መደርደሪያ ላይ ያወጡታል። ርካሽ የሚገኘው ያገለገለው ነው፤ ዲስክ ዩኒየን ሺንጁኩ ውስጥ በየሙዚቃ ዓይነቱ የተለያዩ ሱቆች አሉት። ሽፋኑ ላይ የምትጠመጠመው ኦቢ የተባለችው ወረቀት መኖር አለመኖሯ ዋጋውን ይለውጣል፤ ለመስማት የምትገዙ ከሆነ ኦቢ የሌለውን ውሰዱ። በአንድ ሱቅ ከ5,000 የን በላይ ለሚገዛ እንግዳ 10 በመቶው ግብር የሚቀርለት ፓስፖርቱን ሲያሳይ ነው፤ ከኅዳር 2026 ጀምሮ ግን መጀመሪያ ከፍሎ ሲወጣ መመለስ ይሆናል።

የኮንሰርት ቪዲዮ ከመግዛታችሁ በፊት የምትኖሩበትን አገር አስቡ። የጃፓን ብሉሬይ ክልሉ «ኤ» ነው፤ አሜሪካም «ኤ» ስለሆነች ዋሽንግተን ያለ ሰው ያለ ችግር ያየዋል። ኢትዮጵያ፣ እስራኤል፣ አውሮፓና የባሕረ ሰላጤው አገሮች «ቢ» ናቸው፤ የተቆለፈ ዲስክ ከሆነ ማጫወቻው አይቀበለውም። ዲቪዲ ሲሆን ይገለበጣል፦ ጃፓን፣ አውሮፓ፣ እስራኤልና ባሕረ ሰላጤው ክልል 2 ናቸው፣ አሜሪካ 1፣ ኢትዮጵያ 5። አዲስ አበባ ላለ ሰው እንግዲህ ክልል የማይለይ ማጫወቻ ከሌለው ሁለቱም አይሆኑትም። ሲዲ ግን ክልል የለውም።