የረቡዕ ማታው ትምህርት

ልጅ ሆኜ ስናደድም ሳለቅስም ሁሉም ሰው «ተረጋጊ!» ይለኝ ነበር። እናቴ፣ አክስቶቼ፣ አስተማሪዎቼ። እንዴት እንደሚረጋጉ ግን ያሳየኝ የለም። እነሱንስ ማን አሳይቷቸው? ዛሬ ረቡዕ ነው፤ ስሜቴን መግራት ከምማርበት የክህሎት ትምህርት አሁን ገባሁ። ሳልተኛ ይህን ልጻፍ።

ቦርደርላይን ፐርሰናሊቲ ዲስኦርደር የሚባል የአእምሮ ሕመም እንዳለብኝ የተነገረኝ እዚህ አሜሪካ፣ ሲያትል ነው። ስሜት ቶሎ ይመጣል፣ በጣም ይበረታል፣ እስኪበርድ ደግሞ ብዙ ይቆያል። ጓደኛዬ መልእክቴን ቶሎ ካልመለሰች «ትታኛለች» የሚል ነገር ደረቴን ያፍነኛል። ጥርጣሬ ሆኖ አይደለም የሚመጣው። የተረጋገጠ እውነት ሆኖ ነው። ያ ሲበረታ ራሱን የሚጎዳ አለ። የሚወደውን ሰው የሚሳደብ አለ። ስልኩን ዘግቶ የሚጠፋም አለ። ቤተሰብ «ጠባይዋ ነው» ይላል። እኔም ለዓመታት ጠባዬ መስሎኝ ኖሬያለሁ።

የምከታተለው ሕክምና ዲያሌክቲካል ቢሄቪየር ቴራፒ ይባላል፤ ባጭሩ ዲቢቲ። የተወለደው እዚሁ ከተማ፣ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው። የመሠረቱት ፕሮፌሰር ማርሻ ሊነሃን ናቸው። (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በ1961፣ ገና በ17 ዓመታቸው፣ ሃርትፎርድ ኮነቲከት ውስጥ የአእምሮ ሆስፒታል ገቡ። ራሳቸውን ያቃጥሉና ይቆርጡ ነበር። ከሁለት ዓመት በላይ እዚያ ቆዩ። ሕክምናው እንደሚሠራ ያሳየውን የመጀመሪያ ጥናት በ1991 አሳተሙ፣ በ1993 ደግሞ መመሪያውን። የራሳቸውን ታሪክ ግን በአደባባይ የተናገሩት በ2011 ነው፤ ያውም በልጅነታቸው ተኝተው በነበሩበት በዚያው ሆስፒታል። ይህን የሰማሁ ቀን ብዙ አለቀስኩ። ይህን መንገድ የጠረጉልኝ ሰው ራሳቸው ሄደውበታል ማለት ነው።

የሕክምናው አንዱ ክፍል ረቡዕ ማታ ክህሎት የምንማርበት ቡድን ነው፤ ብዙ ሰው እንደሚያስበው አይደለም። ተሰብስበን ቁስላችንን አንዘረዝርም። ክፍል ነው። ሰሌዳ አለ፣ የሚታደል ወረቀት አለ፣ የቤት ሥራ አለ። የቤት ሥራውን ያልሠራ ምን እንዳገደው ይጠየቃል። ትምህርቱ አራት ክፍል አለው፦ ልብን ሰብስቦ አሁን ያለውን ማስተዋል፣ የጭንቅን ሰዓት ሳያባብሱ ማለፍ፣ ስሜትን መግራት፣ ከሰው ጋር መነጋገር። ሙሉ ዙሩ በአብዛኛው 24 ሳምንት ይወስዳል፤ ተደግሞ ዓመት ገደማ ይሞላል። ከዚህ ሌላ በየሳምንቱ ከቴራፒስቴ ጋር ለብቻ እገናኛለሁ። ሲጨንቀኝ ደግሞ እደውልላታለሁ። ያኔ ረጅም ወሬ የለም። «አሁን የትኛውን ክህሎት ትጠቀሚያለሽ?» ትለኛለች።

አንዱን ልንገራችሁ። ጭንቀቱ ጣራ ሲነካ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ ትሞላላችሁ፤ ትንፋሻችሁን ይዛችሁ ፊታችሁን ለ30 ሰከንድ ያህል ትነክራላችሁ። ሰውነት ውሃ ውስጥ የጠለቀ ይመስለውና የልብ ምት ይቀንሳል። (የልብ ሕመም ያለበት ሐኪሙን ሳያማክር አይሞክረው።) ያስጨነቀንን ጉዳይ አይፈታውም። ነገር ግን ራስን ለመጉዳት የሚገፋፋውን ያንን ክፉ ደቂቃ ያሳልፋል፤ ዋናውም እሱ ነው።

ለእኛ ሰው ከሁሉም የሚከብደው አራተኛው ክፍል፣ ከሰው ጋር መነጋገሩ፣ ይመስለኛል። ይሉኝታ አለብን። መለመን ነውር፣ እምቢ ማለትም ነውር። ትምህርቱ ደግሞ ከመነጋገራችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ ይላል፦ ከዚህ ወሬ ከሁሉ በላይ የምፈልገው ምንድን ነው? የጠየቅኩትን ማግኘት? ከሰውየው ጋር ያለኝን ፍቅር መጠበቅ? ወይስ ለራሴ ያለኝን ክብር?

ታናሽ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ደውሎ ገንዘብ ጠይቆኝ ነበር። ድሮ ቢሆን «እሺ» ብዬ ተበድሬ እልካለሁ፤ ከዚያ ውስጤ ይነድና ስልኩን አላነሳም። አሁን የምለውን ወረቀት ላይ ጻፍኩ። ባለፈው ሳምንት አንዷ የቡድናችን ልጅ ወንድሜን ሆና አለማመደችኝ። እሁድ ደወልኩ። ሰላምታውን አላሳጠርኩም፤ ልጆቹን፣ ሚስቱን፣ ጎረቤቱን ሁሉ ጠየቅኩ። ከዚያ እንዲህ አልኩት፦ «አቡሽ፣ የጠየቅከኝ ገንዘብ የአንድ ወር የቤት ኪራዬ ነው። እምቢ ስልህ ልቤን ይከብደኛል፤ እንዳትቀየመኝም እፈራለሁ። አሁን መላክ አልችልም። ከፋሲካ በኋላ ግማሹን እልክልሃለሁ።» ትንሽ ዝም አለና «እሺ እቴ፣ አይዞሽ» አለኝ።

ስልኩን እንደዘጋሁ ያ የማውቀው ነገር መጣ። ተቀየመኝ፣ አበቃልኝ። ይህን ጊዜ እውነታውን መመርመር የሚባለው ክህሎት አለ። ምን ሰማሁ? «እሺ፣ አይዞሽ።» ከራሴ የጨመርኩት ምንድን ነው? የቀረውን ሁሉ። ይህን ጽፌ ሁለቱን ጎን ለጎን ሳያቸው ደረቴ ላይ ያለው ነገር ቀለል አለኝ። ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። እንቅልፍ ግን ወሰደኝ።

ለዚህ ሕመም ብቻ ተብሎ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደ መድኃኒት የለም። ለዚህም ነው ትምህርቱን አጥብቄ የያዝኩት። በ2015 የእነ ሊነሃን ቡድን 99 ሴቶችን በሦስት ዓይነት ሕክምና ከፍሎ አጥንቶ ነበር። የክህሎት ትምህርት የተሰጣቸው ራሳቸውን መጉዳት በመቀነስ ካልተሰጣቸው የተሻለ ውጤት አሳይተዋል። ዓመታት ተከታትለው ያጠኑ ሌሎች ተመራማሪዎችም አብዛኛው ሰው ከጊዜ ጋር እንደሚሻለው አግኝተዋል። ቶሎ አይደለም፤ ግን ይሻለዋል። ምርመራው የተነገረኝ ቀን ይህን የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ!

እማዬ «ጸበል ሂጂ» ትለኛለች። እሄዳለሁም። ትምህርቱን ግን መጀመሪያ አልወደደችውም ነበር፤ የፈረንጅ ነገር መሰላት። አንድ ቀን የሊነሃንን ነገር አጫወትኳት። አማኝ ካቶሊክ እንደሆኑ፣ በ1967 ቺካጎ ውስጥ ጸሎት ቤት ተንበርክከው ሳሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሳቸውን እንደወደዱ ነገርኳት። «እንዲህ ንገሪኝ እንጂ!» አለች። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ምን እንደተማርኩ ትጠይቀኛለች። ወረቀቶቹን በአማርኛ እያደረግኩ በስልክ አነብላታለሁ። እስትንፋስን ከማስገቢያው ይልቅ ማስወጫውን ማርዘም የሚለውን እሷም መሥራት ጀምራለች፤ ለደም ግፊቴ ይሆነኛል ብላ።

የዛሬው ወረቀት የማንወደውንም ቢሆን የሆነውን ነገር «ሆኗል» ብሎ መቀበልን የሚመለከት ነው። መቀበል ማለት መስማማት አይደለም ይላል። እሁድ አነብላታለሁ። ብዙ የምትለው ይኖራታል።